በስልካችን ውስጥ ስላለው የሰው አደራ

በአገራችን ልማድ አደራ ታላቅ ነገር ነው። ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው በሬውን ለጎረቤቱ፣ ልጁን ለክርስትና አባት፣ የእርሻውን ነገር ለወንድሙ ትቶ ይሄዳል፤ አደራ የተቀበለውም ሰው ያንን ነገር ከራሱ ገንዘብ አብልጦ ይጠብቀዋል። አደራ የበላ ሰው በዳኛ ፊት ባይከሰስ እንኳ በማኅበሩና በሰንበቴው ዘንድ እምነት የጎደለው ሆኖ ይቈጠራል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው፣ ብዙ ሰው ሳያስተውል ተቀብሎ ሳያስተውል ለማያውቀው ሰው አሳልፎ ስለሚሰጠው ስለ አንድ አደራ ነው። ይኸውም በየኪሳችን በያዝነው ስልክ ውስጥ ተመዝግቦ የሚገኘው የዘመድ፣ የጎረቤትና የወዳጅ ስም፣ ቁጥር፣ ፎቶግራፍና ምሥጢር ነው።

ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ዋትስአፕ የሚባሉት ማኅበራዊ መገናኛዎች ዛሬ ከተማውን አልፈው ወደ ደጋው አገር ወጥተዋል። ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከራቤል ወይም ከዓለም ከተማ የወጣ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ልጅ በደብረ ብርሃን ሆነ በአዲስ አበባ፣ በዓረብ አገር ሆነ በአሜሪካ ከዘመዶቹ ጋር የሚገናኘው በእነዚህ ነው። ጥቅማቸውን መካድ አይገባም። በስደት ያለች ልጅ የእናቷን ፊት ታያለች፤ ክዳኑ ያረጀ ቤተ ክርስቲያን ለማሳደስ ከየአገሩ ርዳታ ይሰበሰባል፤ የሊቃውንት ትምህርት መምህር ወደሌለበት ገጠር ይደርሳል። ነገር ግን ጥቅሙን የምናመሰግነውን ያህል ዋጋውንም ማወቅ ይገባናል፤ ይልቁንም ዋጋውን የምንከፍለው ከራሳችን ኪስ ብቻ ሳይሆን ከባልንጀራችንም ኪስ ከሆነ፣ አለማወቃችን በደል ወደ መሆን ይደርሳል።

ያለ ዋጋ ስለሚሰጥ ነገር

እነዚህን መገናኛዎች የሚያንቀሳቅሷቸው የንግድ ኩባንያዎች ናቸው። ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ዋትስአፕን የያዘው ሜታ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ ዩቲዩብ የጉግል ነው፤ ቲክቶክንም የመሠረተው ባይትዳንስ የተባለ የቻይና ኩባንያ ነው። ከተጠቃሚው ሕዝብ ዘንድ በአብዛኛው የሚጠይቁት ገንዘብ የለም። እንዲህ ከሆነ ከየት አግኝተው ይኖራሉ? ብለን ብንጠይቅ መልሱ በራሳቸው የሒሳብ መግለጫ ተጽፎ ይገኛል። ሜታ እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. ካገኘው 164.5 ቢሊዮን ዶላር ገቢ ውስጥ ከ160 ቢሊዮን የሚበልጠው የመጣው ከማስታወቂያ ነው።

ቀድሞ ዕቃውን የሚያስተዋውቅ ነጋዴ በጋዜጣ አሳትሞ ወይም በራዲዮ አስነግሮ፣ ማን እንዳነበበውና ማን እንደ ሰማው ሳያውቅ ይቀር ነበር። ዛሬ ግን፦ ዕድሜአቸው ይህን ያህል የሆነ፣ በዚህ ከተማ የሚኖሩ፣ ይህን ቋንቋ የሚናገሩ፣ ስለዚህ ነገር የሚያስቡ ሰዎችን መርጣችሁ አሳዩልኝ ብሎ ይከፍላል። ኩባንያው ይህን ለማድረግ የሚችለው የእያንዳንዱን ተጠቃሚ ጠባይ፣ ልማድና ወዳጅነት ስላጠና ነው። ኩባንያዎቹ የሰውን መረጃ አንሸጥም ይላሉ፤ መዝገቡን አውጥተው በገበያ አይሸጡም ማለታቸው ነው። ይሁን እንጂ መዝገቡን በእጃቸው ይዘው፣ በእርሱም እየተመሩ፣ የሰውን ዓይንና ጊዜ ይሸጣሉ። ስለዚህ ተጠቃሚው ይበልጥ በታወቀ መጠን ይበልጥ ዋጋ ያወጣል፤ ኩባንያውም የሰውን ነገር ለማወቅ መትጋቱ ከዚህ የተነሣ ነው።

ንጉሥ ሕዝቅያስ ከደዌው በተፈወሰ ጊዜ ከባቢሎን መልእክተኞች ደብዳቤና እጅ መንሻ ይዘው መጡለት። እርሱም በመምጣታቸው ደስ ብሎት ዕቃ ቤቱን ሁሉ ከፍቶ አሳያቸው፤ ወርቁንም፣ ሽቱውንም፣ የጦር መሣሪያውንም አልሸሸገባቸውም። ነቢዩ ኢሳይያስ መጥቶ እንግዶቹ ከወዴት እንደ መጡና በቤቱ ውስጥ ምን እንዳዩ በጠየቀው ጊዜ ነገሩ ተገለጠ። በዚያ ዕቃ ቤት የነበረው ሀብት የሕዝቅያስ ብቻ አልነበረም፤ አባቶቹ ያከማቹት፣ ልጆቹም ሊወርሱት የሚገባ ነበረ እንጂ። እጅ መንሻውን የተቀበለው አንድ ሰው ነው፤ ዕዳው ግን ለትውልድ ተረፈ። በነፃ የተሰጠንን መገናኛ ስንቀበል የምንከፍተው ቤት የማን እንደ ሆነ እንድናስብ ይህ ታሪክ ይበቃናል።

ምን ምን ይሰበሰባል?

ኩባንያዎቹ የሚሰበስቡት መረጃ በሦስት ይከፈላል።

የመጀመሪያው እኛው በፈቃዳችን የምንሰጠው ነው። ስማችን፣ የስልክ ቁጥራችን፣ የተወለድንበት ቀን፣ የምንለጥፈው ፎቶግራፍና የምንጽፈው ቃል ሁሉ በዚህ ክፍል ይቈጠራል።

ሁለተኛው እኛ ሳንናገር ከአድራጎታችን እየታየ የሚመዘገበው ነው። የትኛውን ቪዲዮ እስከ መጨረሻው እንዳየነው፣ የትኛውን ጀምረን እንደ ተውነው፣ ማንን እንደ ፈለግን፣ ከማን ጋር በስንት ሰዓት እንደ ተነጋገርን፣ ስልካችን ምን ዓይነት እንደ ሆነ፣ ከፈቀድንለትም በየት ቦታ እንዳለን ይጻፋል። ፌስቡክ ከዚህም አልፎ፣ ከእርሱ ጋር ስምምነት ካላቸው ከሌሎች ድረ ገጾችና መተግበሪያዎች ስለ ጎብኚዎቻቸው ወሬ ይቀበላል። በዋትስአፕ የሚላክ መልእክት ቃሉ በተላላኪዎቹ መካከል ብቻ እንዲነበብ ሆኖ ይቈለፋል፤ ነገር ግን ማን ከማን ጋር፣ መቼና ስንት ጊዜ እንደ ተላላከ የሚያሳየው ማስረጃ ከኩባንያው አይሰወርም። በቴሌግራምም ቢሆን ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሁሉም ነገር ምሥጢር አይደለም፤ በዚህ ዓይነት የሚቈለፈው «ምሥጢራዊ ውይይት» ተብሎ በተለይ የሚከፈተው ብቻ ነው፤ ተራው ንግግርና የማኅበራት ቡድን በኩባንያው ኮምፒዩተሮች ውስጥ ይቀመጣል።

ሦስተኛውና ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነን፣ ስለ እኛ ሌሎች ሰዎች የሚሰጡት መረጃ ነው። አንድ ሰው ከእነዚህ መተግበሪያዎች አንዱን በስልኩ ላይ ሲጭን፣ በስልኩ የመዘገባቸውን ስሞችና ቁጥሮች ማየት እንዲፈቀድለት መተግበሪያው ይጠይቃል። ሰውየውም ለማለፍ ስለሚቸኩል «አላው» የሚለውን ቃል በጣቱ ይነካል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ በስልኩ ውስጥ ያለው የስም ዝርዝር ወደ ኩባንያው ሊገለበጥ ይችላል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ የግሼ ልጅ በአዲስ አበባ ሥራ ይዞ ይኖራል እንበል። በስልኩ ውስጥ እናቱን «እማዬ» ብሎ መዝግቧል፤ የንስሐ አባቱን «የንስሐ አባቴ» ብሎ፣ ሐኪሙን «የስኳር ሐኪም» ብሎ፣ ቤት የሚያፈላልግለትን «ደላላ» ብሎ ጽፏል። እናቱ በራቤል አጠገብ የሚኖሩ፣ ከተራ ባለ ቁልፍ ስልክ በቀር ሌላ የሌላቸው፣ ፌስቡክ የሚባል ነገር ዓይተው የማያውቁ ሴት ናቸው። ልጁ አንድ ጊዜ «አላው» ባለ ጊዜ ግን የእኒህ እናት ቁጥር ከእናትነታቸው ጋር በማያውቁት አገር መዝገብ ገባ። ያው ቁጥር በሁለተኛዋ ልጃቸው ስልክ ደብረ ብርሃን ላይ፣ በሦስተኛው ልጃቸው ስልክ ደግሞ ሪያድ ላይ «እማዬ» ተብሎ ከተገኘ፣ ሦስቱ ወንድማማችና እኅትማማች መሆናቸውን ማንም ሳይነግረው መዝገቡን የሚመረምር ኮምፒዩተር ሊረዳ ይችላል። ፌስቡክ «ታውቋቸው ይሆናል» እያለ የሰው ስም የሚያቀርብልን በእንደዚህ ያለ ማገናዘብ ጭምር ነው። ጌትኮንታክት የሚባለውም መተግበሪያ የአንድ ሰው ቁጥር በሌሎች ሰዎች ስልክ ውስጥ በምን በምን ስም እንደ ተጻፈ ለጠያቂው ያሳያል፤ ሰው በጓዳው ለራሱ የጻፈው ቅጽል በአደባባይ ይነበባል ማለት ነው።

ከሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር የታወቀ ነው። በዚያ ጊዜ በደጋው ያለው ሕዝብ ከእነዚህ መገናኛዎች ፈጽሞ የራቀ ይመስል ነበር። ነገር ግን የእርሱ ስምና ቁጥር በአዲስ አበባና በውጭ አገር ባሉት ልጆቹ ስልክ ውስጥ ነበረና፣ እርሱ ባልነበረበት መዝገቡ ከመሞላት አልቀረም። ስለዚህ፦ እኔ ገጠር ነኝ፣ ኢንተርኔትም አልጠቀም፣ ይህ ነገር አይመለከተኝም ማለት የማይበቃ መልስ ነው።

የጋራ መስክ በአንድ ሰው ማጭድ አይታጨድም

የመንዝ ሰው ይህን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በመሐል ሜዳ አቅራቢያ ያለውን የጓሳን መስክ ማሰብ ይበቃዋል። ጓሳው ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆን ሣር የሚገኝበት፣ በድርቅ ጊዜም ከብት የሚተርፍበት የጋራ ሀብት ነው። ከብዙ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ወገኖች በመረጧቸው አለቆች እየተጠበቀ፣ አንዳንድ ጊዜ 3 ዓመትና 5 ዓመት ያህል ተዘግቶ ይቈይ ነበር፤ የሚከፈተውም ሽማግሎች ሣሩን አይተው ሲወስኑ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ የቀድሞው ሥርዓት ቢፈርስም፣ ሕዝቡ በኋላ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን እስከ ዘመናችን አድርሶታል። የዚህ ሁሉ ሥርዓት ፍሬ ነገሩ አንድ ነው፤ የጋራ የሆነውን ነገር አንድ ሰው ስለ ፈቀደ ብቻ ማጨድ አይቻልም። ሌሊት ገብቶ ያጨደ ሰው ድርሻዬን ወሰድሁ ቢል ማንም አይቀበለውም፤ የወሰደው የሁሉን ነውና።

የስልካችንም መዝገብ እንደ ጓሳው ነው። ስልኩን የገዛነው እኛ ብንሆንም በውስጡ ያሉት ሦስት መቶ ሰዎች ናቸው። ኩባንያው የእኛን ፈቃድ ጠይቆ የሦስት መቶውን ይወስዳል፤ እኛም የራሳችንን በር የከፈትን መስሎን የሦስት መቶ ሰዎችን በር እንከፍታለን። የምንለው ዋና ነገር ይኸው ነው፤ በሰው ምሥጢር ላይ ፈቃድ ሊሰጥ የሚገባው ባለ ምሥጢሩ ነው።

መረጃው ከእጅ ወደ እጅ ስለ መተላለፉ

አንዳንድ ሰው፦ ቁጥሬና ስሜ በአንድ ታላቅ ኩባንያ መዝገብ ቢኖር ምን ይጎዳኛል? ይል ይሆናል። ጉዳቱ የሚታወቀው መረጃው ከመጀመሪያው ተቀባይ እጅ ወጥቶ ወደ ሌላው በተላለፈ ጊዜ ነው። ከብዙው ጥቂቱን እንጠቅሳለን።

በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ካምብሪጅ አናሊቲካ ስለ ተባለው የእንግሊዝ ድርጅት የተገለጠው ነገር ዓለምን ሁሉ አስደንግጧል። በፌስቡክ ላይ የሰውን ጠባይ ለማወቅ የተዘጋጀ አንድ የጥያቄ መተግበሪያ ነበር። መተግበሪያውን የጫኑት ሰዎች 270 ሺህ ያህል ሲሆኑ፣ በእነርሱ ወዳጅነት ምክንያት መረጃቸው የተወሰደባቸው ሰዎች ግን እስከ 87 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ፌስቡክ ራሱ አስታወቀ። መረጃውም ለፖለቲካ ምርጫ ቅስቀሳ ሥራ ወደሚያገለግል እጅ ገባ። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በፌስቡክ ላይ የ5 ቢሊዮን ዶላር መቀጫ ጣለ። አንባቢው ቍጥሮቹን ያስተያይ፤ አንዱ ሰው እሺ ባለ ጊዜ ከሦስት መቶ የሚበልጡ ሌሎች ሰዎች ሳይጠየቁ ተሰጡ።

እንደዚሁም በመጋቢት 2013 ዓ.ም. የ533 ሚሊዮን የፌስቡክ ተጠቃሚዎች ስምና የስልክ ቁጥር በኢንተርኔት ላይ ለማንም ወሳጅ በነፃ ተበትኖ ተገኘ፤ ሰዎቹ ከ106 አገሮች ነበሩ። ቁጥሮቹ የተለቀሙት፣ ሰው በስልኩ ያሉትን ወዳጆች በፌስቡክ እንዲያገኝ ተብሎ በተሠራው በዚያው የስም ዝርዝር ማስገቢያ በር በኩል ነው። ለመልካም የተከፈተ በር ለሌባ መግቢያ ሆነ።

የአገራችንም ሰው ሊያስታውሰው የሚገባ ነገር አለ። ከየካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሐምሌ ድረስ በኢትዮጵያ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው ነበር፤ ጊዜውም በቤተ ክርስቲያናችን ላይ ፈተና የመጣበት ነበር። በዚያን ወቅት ብዙ ሰው ቪፒኤን የሚባለውን ማሳለፊያ በነፃ እያወረደ ይጠቀም ጀመር። ቪፒኤን በራሱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን በእርሱ የሚጠቀም ሰው የኢንተርኔት መንገዱን ሁሉ በማሳለፊያው ባለቤት እጅ ያደርጋል፤ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ፌስቡክ ራሱ በ2006 ዓ.ም. ኦናቮ የሚባል ኩባንያ ገዝቶ ነበር፤ የኦናቮም ማሳለፊያ መረጃህን እጠብቅልሃለሁ እያለ የሰዎቹን የስልክ አጠቃቀም ለፌስቡክ የንግድ ጥቅም ይሰበስብ ነበር። ይህ ከታወቀ በኋላ በ2011 ዓ.ም. ተዘጋ፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የአውስትራሊያ ፍርድ ቤት ስለዚሁ ነገር 20 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር አስቀጣ። ዘበኛው ራሱ ቤቱን እየበረበረ ነበር ማለት ነው።

የመረጃው አገር አቋርጦ መሄድም ሌላ ክርክር አስነሥቷል። በአየርላንድ ያለው የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽን በግንቦት 2015 ዓ.ም. ሜታን የአውሮጳ ሰዎችን መረጃ ወደ አሜሪካ በማሳለፉ 1.2 ቢሊዮን ዩሮ፣ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ቲክቶክን መረጃውን ለቻይና በማሳለፉ 530 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቷል።

የመጨረሻውን ምሳሌ የምንጠቅሰው በኀዘን ነው። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩ አንድ ፕሮፌሰር በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። በልጃቸው ክስ እንደ ተገለጠው፣ ከዚያ አስቀድሞ ፎቶግራፋቸውና የሚገኙበት ሥፍራ ከጥላቻ ቃል ጋር በፌስቡክ ተሠራጭቶ ነበር። ልጃቸው በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሜታን ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም ነገሩን ለመስማት ሥልጣን እንዳለው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ወሰነ። የሰው ስምና አድራሻ በተራ ጊዜ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ጠላትነት በተነሣ ጊዜ ግን ያው ስምና አድራሻ የሰውን ደም የሚያስፈስስ ይሆናል። መረጃ በሰላም ጊዜ ተሰብስቦ በጠብ ጊዜ እንደሚነበብ መርሳት አይገባም።

በአገልጋዮች እጅ ስላለው

ይህ ሁሉ ለማንም ሰው የሚነገር ሲሆን፣ በተለይ ግን ለካህናት ይከብዳል። ካህን ከሌላው ሰው ይልቅ የሰው ምሥጢር የሚቀመጥበት ዕቃ ነውና። የንስሐ አባት በንስሐ የተነገረውን እንዳያወጣ በቀኖና ታስሯል፤ ይህንንም የማያውቅ ካህን የለም። ነገር ግን በስልኩ ውስጥ «የንስሐ ልጅ እገሌ»፣ «የንስሐ ልጅ እገሊት» እያለ ስሙንና ቁጥሩን ጽፎ፣ ከዚያም መተግበሪያው ሲጠይቀው «አላው» ቢል፣ ማን የማን የንስሐ ልጅ እንደ ሆነ ለባዕድ አስረከበ። የተናዘዘው ቃል አልወጣም፤ የተናዛዡ ማንነት ግን ወጣ። እንዲሁም የንስሐን ጉዳይ በቴሌግራም ወይም በሌላ መገናኛ በጽሑፍና በድምፅ መቀበል፣ ያ ቃል ከሁለት ሰዎች ጆሮ በቀር በሌላ ቦታ ተቀምጦ እንዲኖር መፍቀድ ነው። ርቀት ያስገደደው ሰው ቢኖር እንኳ በስልክ ቀጠሮ ይዞ ፊት ለፊት መገናኘት የሚሻል መሆኑን እናሳስባለን።

በጠበል ቦታም የሚታይ ነገር አለ። በደዌ ተይዞ ልቡናውን የሳተ ሰው፣ የሚናገረውን የማያውቅ፣ ልብሱን እንኳ በሥርዓት ያልያዘ፣ በቪዲዮ ተቀርጾ በዩቲዩብና በቲክቶክ ይወጣል። ያ ሰው በማግሥቱ ድኖ ወደ መንደሩ ይመለሳል፤ ያገባል፣ ሥራ ይፈልጋል፣ ልጆች ያሳድጋል። ደዌው ለቀቀው፤ ቪዲዮው ግን አይለቀውም። ተአምሩን ለመመስከር ብሎ የሚያደርገው ሰው አሳቡ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ይሁን እንጂ ፈቃድ ለመስጠት ከማይችል ሰው ፈቃድ አግኝቻለሁ የሚል ማን ነው? ድኖ በአእምሮው ሳለ ስለ ራሱ ቢመሰክር ምስክርነቱ የራሱ ነው፤ በደዌው ሰዓት ያየነውን ግን መሸፈን የእኛ ድርሻ ነው።

አባቶቻችን የክርስትና ስምን ለማንም አይናገሩም ነበር። የንስሐ አባትና የቅርብ ዘመድ ያውቁታል፤ ከዚህ በቀር በሰው ዘንድ ተሰውሮ ይኖራል። ዛሬ ግን ጸሎት ይደረግልኝ በማለት የክርስትና ስሙን፣ ሕመሙን፣ የትዳሩን ጠብና የስልክ ቁጥሩን ሺህ ሰዎች በሚያዩት ቦታ የሚጽፍ ብዙ ነው። ጸሎት መለመን የሚገባ ነው፤ እግዚአብሔር ግን የሕመምተኛውን የስልክ ቁጥር ከሕዝብ ፊት ማንበብ አያስፈልገውም። እንደዚሁም ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ገንዘብ የሚሰበስብ ኮሚቴ የለጋሾቹን ስም፣ የሰጡትን ልክና የባንክ ደረሰኝ ሳይሸፍን በቡድኑ ሲለጥፍ፣ ግልጽነትን ያሳየ ይመስለዋል። የሒሳብ ግልጽነት ድምሩን በማሳወቅና መዝገቡን ለመርማሪ በመክፈት ይፈጸማል፤ የሰውን የባንክ ቁጥር መበተን ግን ለአታላይ መንገድ መጥረግ ነው።

ስለ ሕጉ

የአገሩ ሕግም ይህን ነገር አልዘነጋውም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ የሰውን የግል ሕይወት መከበር፣ የደብዳቤውንና የስልክ ግንኙነቱንም አለመደፈር ይደነግጋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ አፈጻጸሙንም እንዲቈጣጠር ኃላፊነት የተሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በአዋጁ መሠረት ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ ለማወቅ፣ የተሳሳተውን ለማሳረምና እንዲሰረዝለት ለመጠየቅ መብት አለው፤ ሃይማኖትንና ጤንነትን የመሰለው መረጃም በልዩ ጥንቃቄ የሚያዝ ነው። ሕጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን በባሕር ማዶ ያለውን ኩባንያ እስኪደርስበት ድረስ ዘመን ይወስዳል፤ በየስልኩ ላይ የሚደረገውንም «እሺታ» አይከለክልም። ስለዚህ ሕጉ ቢኖርም የሰው ጥንቃቄ አያስቀርም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

መገናኛዎቹን ፈጽሞ እንተው ብለን አንመክርም፤ ይህ ለብዙ ሰው የማይቻል ነው። የሚከተለውን ግን ማንም ሰው ዛሬውኑ ሊፈጽመው ይችላል።

1ኛ/ መተግበሪያ በስልክ ያሉትን ስሞች ለማየት ሲጠይቅ መከልከል ይቻላል። ቀድሞ የተፈቀደውንም በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ከየመተግበሪያው መንሣት ይቻላል፤ በቴሌግራም ደግሞ ቀድሞ የተገለበጠውን የስም ዝርዝር የሚሰርዝ ትእዛዝ በዚያው በመተግበሪያው ሴቲንግ ይገኛል። ይህን የማያውቅ አረጋዊ ከልጆቹ ወይም ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አንዱን ይጠይቅ፤ ሥራው ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም።

2ኛ/ ካህናት የንስሐ ልጆቻቸውን በስልክ ሲመዘግቡ የንስሐ ልጅነታቸውን አይጻፉ፤ ስም ብቻ ይበቃል። ሙሉ ዝርዝሩ ካስፈለገ በወረቀት መዝገብ ተጽፎ በሣጥን ይቈለፍ።

3ኛ/ የሌላውን ሰው ፎቶግራፍ፣ ይልቁንም የሕፃንን፣ የሕመምተኛንና የኀዘንተኛን፣ ከመለጠፍ በፊት ባለቤቱ ይጠየቅ። ሕፃን ከሆነ ወላጆቹ ይጠየቁ፤ ወላጆችም ልጁ ነገ ሲያድግ ምን ይለኛል ብለው ያስቡ።

4ኛ/ ያለበትን ሥፍራ የሚናገረው ጂፒኤስ ካላስፈለገ ይዘጋ። የስልክ ቁጥር ለማያውቁት ሰው እንዳይታይ ቴሌግራም የሚፈቅደው መከልከያ ይደረግ።

5ኛ/ ባለቤቱ ያልታወቀ ነፃ ቪፒኤን፣ የጠባይ መመርመሪያ ጥያቄና የሽልማት ጨዋታ በስልክ ላይ አይጫን።

6ኛ/ ሰበካ ጉባኤያትና ማኅበራት የአባላት መዝገብ ማን እንደሚይዘው፣ ማን እንደሚያየውና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቈይ በጉባኤ ይወስኑ። መዝገቡን በአንድ ሰው ስልክ ላይ ብቻ መተው ለሰውየውም ለማኅበሩም አይበጅም።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ ከዚህ በላይ የጻፍነው ሰውን ከሰው ለማራቅ አይደለም። ወዳጅነት ምሥጢርን በመጠበቅ ይጸናልና፣ የሚገናኙትን ሰዎች እንዲተማመኑ ለማድረግ ነው። በግሼ ደጋ ያለችው እናት ስለ ፌስቡክ መማር አይጠበቅባትም፤ ልጇ ስለ እርሷ ሆኖ መጠንቀቅ ይጠበቅበታል። የመርሐቤቴው ገበሬ የኩባንያን ውል አንብቦ እንዲፈርም አይጠየቅም፤ ቁጥሩን የያዘው ካህንና መምህር ግን ይጠየቃል። ስለዚህ ማንም ሰው ስልኩን በእጁ ሲይዝ በውስጡ የሰዎች አደራ እንዳለበት ያስብ፤ ያልተሰጠውንም ፈቃድ በሌላው ሰው ስም አይስጥ።